የባሕር ዳሩን ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት የሚያስታውስ አለ?

ጠያቂ፦ እናቴ ወባ የያዘውን ወንድሜን ከዘጌ በጀልባ አሻግራ ስታሳክም፣ መድኃኒቱን የምትገዛው ሁልጊዜ ከቀይ መስቀል ነበር፤ እናንተስ ምን ታስታውሳላችሁ?

የጣና ልጅ፦ እኔ የማልረሳው ፋርማሲስቷን ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በወረቀት ከረጢቱ ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሥላ፣ «እማማ፣ እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ሳትል አትሸኛቸውም ነበር። (የወባው መድኃኒት የክሎሮኪን ምሬት ግን እስካሁን ከምላሴ አልወጣም።)

ጡረተኛው መምህር፦ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መድኃኒት ቤቶቹን የሚያካሂደው ገቢያቸው ለሰብአዊ አገልግሎቱ እንዲውል በመሆኑ፣ ዋጋቸው ለእኛ ለደመወዝተኞች የሚቀመስ ነበር።

ዘንባባ፦ እኔ የማስታውሰው ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፤ አንዱ እሽግ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደሚበጠበጥ ሲነገራት፣ አያቴ በ3 የቢራ ጠርሙስ ትለካው ነበር።