የሐረማያ ቲማቲም፦ አጎቴ በርካሽ ይሸጣሉ፣ ከፊራ በውድ ይገዛል

የከፊራዋ ነጋዴ
ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አትክልት መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቲማቲሙ የሚመጣልኝ ከሐረማያ ነው። አጎቴ እዚያው ያመርታሉ፤ በእኔና በእሳቸው መካከል ግን ሁለት ደላላና አንድ ባለ አይሱዙ አሉ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ «ሳጥኑን በስንት ሸጡት?» ብላቸው ዝም አሉ። ቆይተው የነገሩኝ ዋጋ እኔ የከፈልኩትን ሲሶ አይሞላም። ደላላው ማታ መጥቶ «ድሬ ላይ ገበያው ወድቋል» ይላቸዋል። ተለቅሞ የተቀመጠ ቲማቲም ይዘው ምን ይከራከሩ? በዚያ ቀን እኮ ገበያው አልወደቀም ነበር!

ሌላው ደግሞ ብክነቱ ነው። ሳጥኑ እስከ አፉ ተጠቅጥቆ፣ ሌላ ሳጥን ተጭኖበት ይመጣል። ጠዋት ስከፍተው የሥረኛው ፈርጦ ውኃው በጣውላው ስንጥቅ ይንጠባጠባል። ከሃያ ሳጥን አራት አምስቱ ለፍየል ነው። ያንን ኪሳራ በግማሽ ኪሎ የሚገዙ እናቶች ይከፍሉልኛል፤ ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከገበሬው በቀጥታ መግዛት የሞከራችሁ ካላችሁ መላ በሉኝ።

የእርሻ ባለሙያ
እህቴ፣ ከለቀማው ጀምሪ። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ፍም የመሰለ ቲማቲም የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ አይቆይም። አጎትሽ ጫፉ መቅላት ሲጀምር፣ በማለዳ ይልቀሙት፤ እስኪጫን ጥላ ሥር ይቆይ። ሳጥኑም ጥልቀት የሌለው ይሁን።

ለማቆያ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግሽም። ጥላ ሥር ሁለት የጡብ ግድግዳ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሥሪ፤ መካከሉን አንድ ጋት ያህል ክፍት ተዪና በአሸዋ ሙዪው። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጪ፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ አልብሺ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሕንዶች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ደረቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ዝናብ ሲበረታ ግን አየሩ ስለሚርስ ጥቅሙ ይቀንሳል።

የጁገል አዛውንት
ልጄ፣ ሐረር ለብዙ ዘመን ውኃ የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ደለሉ ሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ የሚሳበውም ብዙ ነበር። እኛም ከድሬዳዋ በኩል፣ ከሐስሊሶ ጉድጓዶች፣ ውኃ ሽቅብ ተስቦ እስኪደርሰን በጀሪካን ተንከራተትን። አሁን ሐይቁ ተመልሶ ውኃ ይዟል፤ ሳየው ደስ ይለኛል፣ እፈራለሁም። ለፍየል የሰጠሽው ቲማቲም ያንን ውኃ ጠጥቶ ያደገ ነው። አጎትሽም በቲማቲም ካላገኙበት ወደ ጫት ቢዞሩ ማን ይፈርድባቸዋል? ጫት እኮ አወዳይ ገበያ ደርሶ በዕለቱ ገንዘብ ይሆናል።

ሽንኩርት ጫኝ
ደላላውን ከመዝለልሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፦ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ የሚሰጣቸው እሱ ነው? ከሆነ ዋጋው የተቆረጠው ገና ሲዘራ ነው። ዕዳው ሳይከፈል «ለእኔ ሽጡልኝ» ብትያቸው ለሚቀጥለው ዘር ማን ያበድራቸዋል?

የከፊራዋ ነጋዴ
ትናንት ጠየቅኋቸው። እንዳልከው ነው ወንድሜ፤ የዘርም የፓምፕ ነዳጅም ዕዳ አለባቸው። አፍረው ነው እስካሁን ያልነገሩኝ። የከፊራ ሴቶች ዕቁብ በሚቀጥለው ወር ለእኔ ይደርሳል፤ ዕዳውን በእሱ ልዘጋላቸውና በሳጥን ቆጥረው እንዲመልሱልኝ ተስማምተናል። ሁለት ጎረቤቶቻቸውም አብረው ሊጭኑልኝ ፈቃደኞች ናቸው፤ የመኪናው ኪራይ ለሦስት ይካፈላል።

ለጡቡ ሥራ አሸዋው ከደቻቱ ወንዝ ይመጣል፣ ለገበያችን ቅርብ ነው። ባለሙያው፣ አሥር ሳጥን እንዲይዝልኝ ርዝመቱና ወርዱ ስንት ይሁን?