የፊልም ድጋፍ ግማሹ ለሴት ዳይሬክተሮች ይመደብ? እንከራከር

ጠያቂዋ፦
የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል በ1946 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። እስከ 2025 ድረስ ትልቁን ሽልማቱን፣ ፓልም ዶርን፣ የወሰዱት ሴት ዳይሬክተሮች ሦስት ብቻ ናቸው። ጄን ካምፒዮን በ1993፣ ጁሊያ ዱኩርኖ በ2021፣ ጀስቲን ትሪዬ በ2023። ካምፒዮንም ብትሆን ከቻይናዊው ቼን ካይጌ ጋር ተካፍላ ነው። ይሄ የችሎታ ጉዳይ ነው የሚል አለ? እኔ በሕዝብ ገንዘብ የሚሰጥ የፊልም ድጋፍ ግማሹ ለሴቶች ይመደብ ባይ ነኝ።

ኤዲተሩ፦
እህቴ፣ ቁጥሩ እኔንም ያንገበግበኛል። ኮታ ግን ያስፈራኛል። ነገ አንዷ ጥሩ ፊልም ስትሠራ «በኮታ ገብታ ነው» ትባላለች። ልፋቷ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ካትሪን ቢግሎው በ2010 በምርጥ ዳይሬክተርነት ኦስካር ስትወስድ ማንም ቦታ አልያዘላትም።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ፣ ኦስካር መሸለም የጀመረው በ1929 ነው። በዚያ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። 81 ዓመት ተጠብቆ የመጣችውን አንዷን እያሳየኸኝ በሩ ክፍት ነው አትበለኝ።

ሪያድ የኖረችው፦
እኔ ደግሞ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም እላለሁ። የሳዑዲዋ ዳይሬክተር ሃይፋ አል መንሱር ብስክሌት ስለምትመኝ ልጅ የሚያወራውን ፊልሟን «ዋጅዳ»ን ሪያድ ውስጥ ስትቀርፅ፣ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር ቆማ ማዘዝ አትችልም ነበር። ቫን ውስጥ ሆና፣ በሞኒተር እያየች፣ በመገናኛ ሬዲዮ ነው ያዘዘችው። አስቡት፣ ተዋናይዋ ሕፃን ናት፣ ዳይሬክተሯ አጠገቧ የለችም! ፊልሙ በ2012 ወጣ። ሳዑዲ ዘግታው የነበረውን ሲኒማ ቤት መልሳ የከፈተችው ግን በ2018 ነው። ሠርታ እንኳ አገሯ የት ታሳየው?

ከእስራኤል፦
የኛዋን ዳይሬክተር አለምወርቅ ዳቪድያንን አትርሱ። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የመጣች ናት። የ2018 ፊልሟ «ፊግ ትሪ» የደርግን የመጨረሻ ዓመታት ያሳያል። አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ልጅ የምትወደውን ክርስቲያን ልጅ ከአፈሳ ለማዳን ትሯሯጣለች። ልጁ ዛፍ ላይ ይደበቃል። እናቴ እያየች አለቀሰች። የአፈሳን ታሪክ ከጦር ሜዳ እንጂ ከልጃገረድ ልብ ሰምተን አናውቅም ነበር። ለኔ የክርክሩ ዋና ነገር እሱ ነው።

ኤዲተሩ፦
እሺ፣ ይሄኛው ገብቶኛል። ስዊድኖቹን እዩ ግን። የፊልም ተቋማቸው ድጋፉ ለሴትና ለወንድ እኩል እንዲዳረስ ግብ አስቀመጠ፣ ኮታ ግን አላወጣም። ሴቶች በብዛት እንዲያመለክቱ አገዘ። የኔም ሐሳብ እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦
ማመልከቻውን የሚያነበው ኮሚቴስ? እሱ ግማሹ ሴት ይሁን ብልህ?

ኤዲተሩ፦
እሱን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።