«ደብዳቤሽ ደረቴ ላይ በረዶ አወረደ»፦ ለአረብኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንዴት ላስረዳ?

ጀማሪ አስተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ11 አረብኛ ተናጋሪዎች በኦንላይን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሰዋስው ላይ ብዙም አልቸገርም። «ሂ ዶክተር» ሲሉኝ ምክንያቱ ይገባኛል፤ አረብኛ እዚህ ቦታ ላይ «ነው» የሚል ቃል አያስፈልገውም። «ፓርክ» «ባርክ» ሲሆንም «ፕ» በፊደላቸው ውስጥ እንደሌለች አውቃለሁ። ያቃተኝ ፈሊጡ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለጓደኛ የሚላክ ደብዳቤ አጻፍኳቸው። ከጎበዞቹ አንዷ «ዩር ሌተር ስኖውድ ማይ ቼስት» ብላ ጻፈች። ደብዳቤሽ ደረቴ ላይ በረዶ አወረደ እንደማለት። እኔ ያዘነች መሰለኝ። በቀይ ሰረዝኩትና ጎኑ ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ካየች በኋላ ካሜራዋን አጠፋች። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በኋላ ለብቻዋ ስጠይቃት «በጣም ደስ አለኝ ለማለት ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገሮቿ ሁሉ አጥረዋል። «አይ አም ሃፒ።» «ኢት ኢዝ ጉድ።» በቃ።

ሌላው ደግሞ አንድ ተማሪዬ ፈተና ሊገባ ሲል «ብሬክ ኤ ሌግ» አልኩት። «መምህርት፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እግርህን ስበር ብዬ የረገምኩት መስሎታል።

20 ፈሊጥ ከነትርጉሙ ዘርዝሬ ሰጥቼ ነበር። በማግስቱ ሁለቱን የሚያስታውስ ጠፋ። የእኔ አረብኛ ከሰላምታ አያልፍም። ወደ ቋንቋቸው እንዳይመለሱ ልከልክላቸው? ወይስ የአረብኛ አቻ እየፈለግኩ ልስጣቸው? ከየትስ ልጀምር?

የቆየ አስተማሪ

እህቴ፣ ከምንም በፊት ያቺን ልጅ አናግሪያት። «አስለጀ ሰድሪ» በአረብኛ ያማረ አነጋገር ነው። ቃል በቃል ደረቴን በበረዶ አቀዘቀዘው ማለት ነው፤ የምስራች የሰማ ሰው ይለዋል። የሚሳሳለትን ልጅ ደግሞ «ቁረቱ ዐይኒ» ይለዋል፣ የዓይኔ ቅዝቃዜ። ልጅቷ በቋንቋዋ ካላት ጥሩውን መርጣ ነው ያመጣችልሽ።

እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ተገልብጧል። ደስ የሚል ዜና «ሃርትዋርሚንግ» ነው፣ ልብ ያሞቃል። ጨካኝ ሰው «ኮልድ ሃርትድ» ነው። እኛስ ምን እንላለን? «አንጀቴን አራሰችው»፣ «ልቤ ቅቤ ጠጣ»። እኛ ዘንድም ደስታ ያረሰርሳል እንጂ አያቃጥልም። ይህን ንገሪያት። አንቺም እንደ እሷ ከሌላ ቋንቋ ተነስተሽ እንግሊዝኛ እንደተማርሽ ታይልሻለች።

እኔ 14 ዓመት አረብኛ ተናጋሪዎችን አስተምሬያለሁ። ዝርዝር መስጠት ያቆምኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። 20 ፈሊጥ ማለት 20 የማይገናኙ ስዕሎች ናቸው። አሁን አንድ ስዕል ይዤ እገባለሁ። ለምሳሌ ሙቀትና ቅዝቃዜ። «ዋርም ዌልካም» ሞቅ ያለ አቀባበል። «ኮልድ ሾልደር» አውቆ ችላ ማለት። «ኮልድ ፊት» በመጨረሻው ሰዓት ወኔ ሲከዳ። ከዚያ «በእናንተስ?» ብዬ ዝም እላለሁ። አንዱ «ኢስቲቅባል ሃር» ይላል፣ ትኩስ አቀባበል። ሌላው ደመ ቀዝቃዛ ማለት ስሜት የሌለው ሰው ነው ይላል። ስለዚህ አረብኛ ሁልጊዜ ቅዝቃዜን ይወዳል ብለሽ እንዳትደመድሚ፤ ቦታ ይመርጣል። የግብፁ፣ የሶሪያውና የሞሮኮው ሰው «እኛ እንዲህ ነው የምንለው» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ አታቋርጫቸው። አረብኛ አለማወቅሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ እንዲገባሽ የግድ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አለባቸው።

የመጀመሪያ ቀን በሚያውቁት ጀምሪ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ፣ የአዞ እንባ፣ የግመሉን ጀርባ የሰበረው ገለባ፦ ሦስቱም በእንግሊዝኛም በአረብኛም አሉ። ተማሪው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ሲል ፍርሃቱ ይለቀዋል። ቀጥሎ ሐሳቡ አንድ ሆኖ ስዕሉ የሚለያየውን አምጪ። «ፒስ ኦፍ ኬክ» ለእነሱ ውሃ ከመጠጣት የቀለለ ነገር ነው። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን (ድመትና ውሻ ዘነበ፣ ዝናቡ በረታ ለማለት) ስታስተምሪ ዝናቡ እንደ ውሃ አቁማዳ አፍ ወረደ የሚለውን አባባላቸውን ጠይቂያቸው። አቁማዳው አፉ ተፈትቶ ውሃው ዷ ብሎ ሲወርድ ይታየኛል። እውነቴን ነው፣ ከድመትና ውሻው እሱ ይበልጥብኛል።

ወጥመዶቹን ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጉጉት በእንግሊዝኛ የጥበበኛ ምሳሌ ናት፤ ሌሊት የሚያመሸውም ሰው «ናይት አውል» ይባላል። ለብዙ አረቦች ግን ጉጉት የመጥፎ ዕድል ምልክት ናት። አንድ ተማሪዬን «ዩ አር ኤ ናይት አውል» ብዬው ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። «ብሬክ ኤ ሌግ»ም እንዲሁ ነው። የቲያትር ሰዎች መልካም ዕድል መመኘት ገድ ያጠፋል ብለው ስለሚፈሩ ተቃራኒውን ይላሉ። ለተማሪዎችሽ ከዓይን ጋር አያይዘሽ አስረጂያቸው። ሰው ሲያደንቁ ዓይን እንዳያርፍበት «ማሻአላህ» ስለሚሉ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

ተርጓሚ

ከላይ ባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። «ሉክ አፍተር» (መንከባከብ)፣ «ሉክ ፎር» (መፈለግ)፣ «ሉክ አፕ» (ቃል ከመዝገበ ቃላት ማየት) ላይ ሲደርሱ «እንግሊዝኛ ሥርዓት የለውም» ብለው ያማርራሉ። ያኔ «ረጊበ ፊ» እና «ረጊበ ዐን» ምን ማለት እንደሆኑ ጠይቂያቸው። ግሱ አንድ ነው። በ«ፊ» ሲሄድ ፈለገ ማለት ነው፣ በ«ዐን» ሲሄድ ደግሞ ጠላ፣ ፊቱን አዞረ። ትንሿ ቃል ትርጉሙን ገልብጣዋለች። «ቃመ»ም ቆመ ማለት ሆኖ ሳለ «ቃመ ቢ» ሲሆን አንድን ሥራ አከናወነ ይሆናል። ራሳቸው በየቀኑ የሚያደርጉት መሆኑን ሲያዩ ማማረሩን ይተዋሉ።

ሌላ አስተያየት

እኔ በዚህ አልስማማም። ወደ አረብኛ በር ከከፈትሽላቸው አይመለሱም። እኔ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለቃላት ግን አንድ ነገር እፈቅዳለሁ፣ ከአረብኛ የሄዱትን ማደን። «ኮተን» ከ«ቁጥን»። «ማጋዚን» ከ«መኻዚን»፣ ማከማቻዎች ማለት ነው፤ የእኛም መጋዘን ዘመዱ ነው። «አልኮሆል» ከ«አል ኩሕል»፣ ዓይን የምንኳለው ኩል። «አልጀብራ» ከ«አል ጀብር»፣ የተሰበረን መጠገን። ይህ ቃል የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከአል ኸዋሪዝሚ ሥራ ሲሆን «አልጎሪዝም» የሚለው ደግሞ ከራሱ ከስሙ ነው። እንዲህ ያገኙትን ቃል ሲረሱ አላየሁም።

የቆየ አስተማሪ

ወንድሜ፣ የቃል አደኑን እኔም እወስደዋለሁ። በሩን ስለመዝጋት ግን፦ ተማሪው በጭንቅላቱ መተርጎሙን አይተውም፤ የሚቀረው ለአንተ መንገሩ ነው። የእህታችን ተማሪ «አይ አም ሃፒ» ላይ የቀረችው ለዚህ ነው።

ጀማሪ አስተማሪ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቷን አናገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ «አንጀቴን አራሰችው» የሚለውንም በአማርኛ አስተማርኳት። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ደብዳቤውን እንደገና ስትጽፍ በእንግሊዝኛ «ደብዳቤሽ ልቤን አሞቀው። በእኛ ቋንቋ ደረቴን አቀዘቀዘው ይባላል» ብላ ሁለቱንም አስቀመጠች። ምንም አልሰረዝኩም።

ትናንት ደግሞ እንዳሉኝ አንድ ስዕል ይዤ ገባሁ። ደምን መረጥኩ። ተጫዋች ሰው «ደሙ ኸፊፍ» እንደሚባል ነገሩኝ፣ ደሙ ቀላል እንደማለት። እኔም «ደመ ግቡ»ን ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ «ባድ ብለድ» ቂም፣ «ኮልድ ብለድ» ጭካኔ፣ «ብሉ ብለድ» የመሳፍንት ዘር። ሰው የሚወደውን ተጫዋች የሚገልጽ የደም ፈሊጥ ግን ፈልገን አጣን። ያ «ምን አጠፋሁ?» ያለኝ ልጅ «ታዲያ ላይት ብለድ እያልን ብናለምዳቸውስ?» አለ። ያቺ ልጅ ካሜራዋን ከፍታ ስትስቅ አየኋት።