ሌሊት ባት የሚይዘው ሕመም፦ «ብርድ ነው» ከማለታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

የጓሳ ዳር፦

ሰላም ለቤቱ። መንዝ ውስጥ በጤና ኤክስቴንሽን የምሠራ ነኝ። ቤት ለቤት ስንዞር «ሌሊት እግሬን ይዞኝ ያድራል» የማይል ሽማግሌ የለም ማለት ይቻላል። ገለጥ አድርገው ሲጠይቋቸው ግን የሚሉት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱን ባቱ እንደ ድንጋይ ቋጥሮ ከእንቅልፉ ያስነሳዋል። ሌላዋ ሕመም እንኳ አትለውም፤ እግሯ ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር አላሳርፍ ብሏት ስትገላበጥ ታነጋለች። ሦስተኛውን ውስጥ እግሩን ፍም እንደረገጠ ያቃጥለዋል። ስሙ ለሁሉም ቁርጥማት ነው፤ ምክንያቱም ለሁሉም ብርድ። መድኃኒቱም እንዲሁ፦ በቅቤ መታሸት፣ ባና መደረብ፣ ካልሆነ ወጌሻ።

ላቦራቶሪ በሌለበት በጥያቄና በዳሰሳ እንዴት እንለያቸው? ባት ሲይዝ በዚያው ደቂቃ ምን ይደረግ? ተመልሶ እንዳይመጣስ? ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያለበት የቱ ነው? በጾም ይብስብናል የሚሉ አሉ፤ የግፊት ክኒን ከጀመርን ወዲህ ነው የሚሉም አሉ። በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። «ውኃ ጠጡ፣ ሙዝ ብሉ» የሚለውን ሰምተነዋል።

ባትና ተረከዝ (ፊዚዮቴራፒ)፦

እውነተኛው የባት መቋጠር በእጅ ይታወቃል። በያዘው ሰዓት ባቱ ሲዳሰስ ጠጥሮ ይገኛል። ድንገት ይመጣል፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለቃል፤ ቦታው ግን እስከ ማግስቱ እንደተደበደበ ሊያም ይችላል። ጡንቻው ልስልስ እንደሆነ የሚያም ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጉ።

ለምን ሌሊት? ስንተኛ እግራችን ጣቱን ወደ ታች አዘንብሎ ያድራል፤ በዚህ አኳኋን የባት ጡንቻ አጥሮ ነው የሚቆየው። አጥሮ የተቀመጠ ጡንቻ ከነርቩ ጥቂት ትእዛዝ ቢደርሰው የሚወጥረው ስለሌለ እስከ መጨረሻው ይጨበጣል። በጀርባው ለሚተኛ ሰው ደግሞ ግርጌው ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀጠቀ ከባድ ባና ጣቶቹን ይበልጥ ይጫናቸዋል። ብርዱን እንወቅሳለን እንጂ አንዳንዴ ጥፋተኛው ለብርዱ የደረብነው ነው። ግርጌውን ማላላት፣ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ አስቀምጦ ውስጥ እግሩን እንዲያስደግፍበት ማድረግ ወጪ የለውም። በሆዱ የሚተኛ ሰው እግሩን ከአልጋው ጫፍ አሳልፎ ያንጠልጥል።

ሲይዝ፦ ጉልበትን ዘርግቶ የእግርን ጣቶች ወደ ቅልጥም መሳብ ነው። እጁ የማይደርስለት ሰው ነጠላ ወይም መቀነት በውስጥ እግሩ ላይ አጥልፎ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራሱ ይሳብ። መነሣት ከቻለ ቆሞ ተረከዙን መሬት ላይ ይጫን። እስኪለቅ ድረስ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ነው፤ መንጨቅ ጡንቻውን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጣቱን ወደ ፊት ይወጥራል፣ ባቱም የባሰ ይቋጥራል። ከለቀቀ በኋላ ማሸትና ማሞቅ ይረዳል። የያዘው የጭን ፊት ከሆነ ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝን ወደ መቀመጫ ማጠፍ፣ የጭን ኋላ ከሆነ ጉልበትን ዘርግቶ ከወገብ ጎንበስ ማለት ነው።

እንዳይመለስ ከመኝታ በፊት ይህን ያድርጉ። ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መቆም፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ መውሰድ፣ የኋላውን ጉልበት ሳያጥፉ ተረከዙን መሬት አስነክሶ ባቱ እስኪወጠር ድረስ ወደ ግድግዳው ማዘንበል። 30 ሰከንድ ይቆያል፤ ለእያንዳንዱ እግር 3 ጊዜ። ከዚያ የኋላውን ጉልበት ጥቂት አጥፎ መድገም፤ ይህኛው ከታች ያለውን ጥልቁን ጡንቻ ያገኘዋል። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ተረከዙ ይነሣል፣ የእግር ጣቶች ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ ወይም ሰውየው ይነጥራል። መቆም የሚያሰጋቸው አረጋውያን መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተው በነጠላው ይሳቡ። በ2012 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ከ55 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ባታቸውንና የጭን ኋላቸውን ለ6 ሳምንት ማታ ማታ የሳቡት ሕመሙ ቀንሶላቸዋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ ሌሊት ይበቀላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል በእግር የወረደ ሰው ጭኑና ባቱ ክብደቱን እየገቱ ስለሚሠሩ ሕመሙ የሚበረታው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የሰሙነ ሕማማት ስግደትም እንደዚያው። ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ሰው በአንድ ቀን መቶ ከሚሰግድ፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት በጥቂቱ ቢጀምር ይሻለዋል።

ክኒን ቆጣሪ፦

የፋርማሲውን ነገር ለእኔ ተዉት። በመጀመሪያ ሰውየው የሚወስደውን ሁሉ ከነማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ያውጣ። ለግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለልብ ድካም የሚሰጠው ፉሮሴማይድ ውኃ ከማውጣት ጋር ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይዘው ይወጣሉ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል፣ ለስብ የሚሰጡት እንደ አቶርቫስታቲን ያሉትም ጡንቻ ሊይዙ ይችላሉ። እንግዲህ «ክኒኑ ነው» የሚሉት ሽማግሌዎች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ራሳቸው አቋርጠው ግፊታቸው ሲያሻቅብ ከባት ሕመም የከፋ ይመጣል። መላክ ያለባቸው ፖታሲየምና ኩላሊት እንዲመረመርና መጠኑ ወይም ዓይነቱ እንዲቀየር ነው። ውኃ የሚያሸናውን ክኒን ጠዋት እንዲወስዱ ማድረግ ደግሞ ቢያንስ ለሽንት ከመነሣት ያድናል።

ማስታገሻን በተመለከተ፦ ክኒኑ ተውጦ እስኪሠራ የባት መቋጠሩ ራሱ ለቋል። ከዚህ ያለፈው ጉዳቱ ነው። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በየማታው ከግፊት መድኃኒቱ ከኤናላፕሪልና ከውኃ ማሸኛ ክኒን ጋር ሲደመር ኩላሊትን ሊጥል ይችላል፤ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል።

ኩዊኒን ደግሞ አለ። «ክኒን» የሚለው ቃላችን ራሱ የእሱ ትዝታ ነው። ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ለወባ የተረፈ ፍሬ ይዞ የሚመለስ ሰው አይጠፋም፤ ለባት መቋጠር ይሠራል የሚለውም ወሬ ውሸት አይደለም፣ በመጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን ደም የሚያቆመውን ሕዋስ ክፉኛ ሊያሳንስና የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ሕመም እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። በራስ ፈቃድ አይሞከርም።

ማግኒዚየም ብዙ ይሸጣል። በአረጋውያን ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ከባዶ ክኒን የሚሻልበት ነገር አልታየም፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ ውጤቱ ተደበላልቋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ጭራሽ አይጀምረው። ሙዝም ቢሆን ፖታሲየሙ በእርግጥ ላነሰበት ሰው እንጂ ለሌላው ምግብ ነው፤ ደግ ምግብ።

ጣርማበር ማዶ (ጤና መኮንን)፦

ሁለቱ ስለ ጡንቻው ብዙውን ብለዋል። የእኔ ጭንቀት ጡንቻ ያልሆነው ነው። አራት ጥያቄ ይበቃችኋል፦ አንድ እግር ነው ሁለቱም? በእረፍት ነው በመንገድ? መነሣትና መራመድ ያቀለዋል? እግሩ ሲሰቀል ይብሳል ወይስ ሲንጠለጠል?

የሚርመሰመሰውና በመራመድ የሚቀለው፣ ሲመሽ የሚጀምረው፣ ጋደም ሲሉ የሚብሰው «እረፍት የለሽ እግር» የሚባለው ነው። የባት መቋጠር አይደለም፤ ባት ቢሳብም አይድንም። ብረት ሲያንስ ይከሰታል፤ በእርግዝናና በኩላሊት ድካምም እንዲሁ። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖም የብረት ክምችቱ ሊጎድል ስለሚችል የሚጠየቀው ምርመራ ፌሪቲን ነው፤ ከ75 በታች ከሆነ ብረት መስጠት ይታሰባል። የብረት ክኒኑን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር የወሰደ ሰው አልወሰደም በሉት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቃቸው። የማታ ቡናውንም ይቀንስ። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ ክኒኖች ያባብሱታል።

የሚያቃጥለው፣ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ካልሲ ሳያጠልቁ ያጠለቁ የሚያስመስለው የነርቭ ጉዳት ነው። ስኳር፣ ብዙ ዓመት የተጠጣ አረቄ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶኒያዚድ ያለ ቫይታሚን ቢ6 ሲወሰድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፤ እነዚህን ጠይቁ። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። በፍስኩም ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማያገኝ ጿሚም እንዲሁ። ዓይኑን አስጨፍናችሁ በጥጥ ጫፍ ጣቱን ንኩት፤ ካልተሰማው ሌላ ማረጋገጫ ሳትጠብቁ የስኳር ምርመራ ላኩት።

ሲራመድ ባቱን የሚይዘው፣ ቆም ሲል የሚለቀው፣ እየቆየም ሌሊት ጣቶቹን የሚያመውና እግሩን ከአልጋ አውርዶ ሲያንጠለጥል ቀለል የሚለው ሰው የደም ቧንቧው ጠቧል። ከእግሩ ጀርባ ላይ፣ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መስመር ወደ ቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብላችሁ ትርታውን ዳስሱ። ካጣችሁት፣ እግሩም ቀዝቅዞ ቁስሉ አልድን ካለ ላኩት። ሲጋራ የሚያጤስ ከሆነ ማቆም ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚመጣ ነው።

ደጋ ላይ ነንና አንድ የማይረሳ አለ። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሚሠራ ሰው የእግሩ ፊት ሌሊት ቢያሳክከውና ቢያቃጥለው፣ ማታ አብጦ ጠዋት ቢጎድል፣ የዝሆኔ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ነው። በዚህ ደረጃ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሊመልሰው ይችላል። ቆዳው ከጠነከረ በኋላ ረጅም ሥራ ነው።

የማይውል የማያድረው ይኸው ነው፦ አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሕመሙ ሳይለቅ የሚቀጥል ከሆነ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ፣ እግሩ በጄሶ ታስሮ የነበረ፣ አልጋ ላይ የሰነበተ ወይም በመኪና ረጅም መንገድ የተቀመጠ ሰው ላይ። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ አይታሽም፣ ወጌሻ አይነካውም፣ ዋግምትም አይደረግበትም። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ድንገት ነጥቶና በርዶ ትርታ ያጣ እግርም በሰዓታት ውስጥ የሚወሰን ነው። የሽንት ቀለም እንደ ቡና ጠቁሮ ሰውነት ሁሉ ከታመመ፣ ወይም እግር ዝሎ ሽንት አልቆጣጠር ካለ፣ እነዚህም ያው ናቸው።

ስለ ጾሙ፦ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ እርሻ የዋለ ሰው በላብ ያጣው ውኃና ጨው ጡንቻውን ሊይዝበት ይችላል። እህል ውኃ ከቀመሰ በኋላ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ከፋፍሎ ይጠጣ። አንድ ላይ ተግቶ መተኛት ሽንት ቤት ሲያመላልስ ያሳድራል።

የቆላው ሰው፦

ጨው መላስስ? እኛ ጋ ሙቀት ነው፣ ብዙ ሰው ሲይዘው ጨው ይልሳል።

ክኒን ቆጣሪ፦

ጨው ተልሶ ወደ ደም እስኪገባ መቋጠሩ አብቅቷል። ቀኑን በሙቀት ብዙ ያላበው ሰው የጨውና የስኳር ዱቄቱን ኦአርኤስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጦ ይጠጣ፤ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

የጓሳ ዳር፦

አመሰግናለሁ፣ ተመዝግቧል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ግን እሳት አትሙቁ ማለት አይቻልም። የፈላ ውኃ በጠርሙስ ሞልተው እግራቸው ሥር የሚያደርጉም አሉ። ይከልከሉ?

ባትና ተረከዝ (ፊዚዮቴራፒ)፦

አይከልከሉ፤ የሞቀ ጡንቻ ይሻላል፣ ሲሳብም ይታዘዛል። ውኃው የፈላ አይሁን፣ በክርን ተሞክሮ ሞቅ ያለ ብቻ፤ ጠርሙሱ በጨርቅ ይጠቅለል፣ ባት ላይ 15 ደቂቃ ይቆይና ከመተኛታቸው በፊት ይነሣ። ጣርማበር ማዶ በጥጥ የሚፈትናቸው፣ ጣታቸው የማይሰማቸው ሰዎች ግን ከጠርሙሱም ከምድጃውም ይራቁ፤ ሳያውቁት ቆዳቸው ይቃጠላል፣ የስኳር በሽተኛ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ለእነሱ የሱፍ ካልሲ፣ ላስቲኩ ያልጠበቀ።