ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ነው፤ ያ የአራስ ቤት ጭንቀት እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከቡሬ)
ሰላም እህቶች። የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ጠያቂው ገንፎውን በልቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ሲወጣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቅስ ነበር። ክርስትናው ካለፈም በኋላ አልለቀቀኝም። ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ገሚሱ «የሰው ዓይን ነው» አለ፣ ገሚሱ «ቅብጠት»። ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ የለም። አሁን አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ማይንድፉልነስ የሚሉት ልምምድ አለ፣ ከአሁኑ ጀምሪ» አለችኝ። ምንድን ነው? የሌላ ሃይማኖት ነገር እንዳይሆንም ፈራሁ።

መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም)
ማርያም በሽልም ታውጣሽ እህቴ። ነገሩ ልብን አሁን ካለሽበት ላይ ማዋል ነው፤ ሐሳብሽ ሲሸሽ ራስሽን ሳትቆጪ ትመልሺዋለሽ። መነሻው የቡድሂስቶች ተመስጦ መሆኑን አልደብቅሽም። ጆን ካባት ዚን የተባለ ተመራማሪ ግን በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሕሙማን የ8 ሳምንት ሥልጠና ሲያደርገው ሃይማኖታዊውን ክፍል ትቶ ነው። በኋላም ናንሲ ባርዳክ የተባለች አዋላጅ ለእርጉዞችና ለባሎቻቸው አዘጋጀችው። ካልተዋጠልሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

መደብ ላይ ተደግፈሽ ተቀመጪ፤ ሆድሽ እየገፋ ስለሆነ በጀርባሽ አትንጋለዪ፣ ያዞርሻል። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ትንፋሽሽ ሲገባ ሲወጣ ተከታተዪ። ትንፋሽ መያዝ የለም። ለመጀመሪያው 5 ደቂቃ ይበቃል።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ ቢቸና)
እኔስ መቀመጡ አልሆነልኝም፣ እንቅልፍ ይወስደኛል! ቡና ስቆላ ነው የለመድኩት፤ ሽታውን፣ ሲንጣጣ ድምፁን፣ የምጣዱን ሙቀት ብቻ። ሳጠባም ስልኬን አርቄ አስቀምጣለሁ። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽኝ ግን እኔን ያዳነችኝ እናቴ ናት፤ ሌሊት ልጁን ተቀብላ ታስተኛኝ ነበር።

መልስ (የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)
ያ ቅብጠት አልነበረም። በወለዱ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሆድ መባስ ብዙ እናቶችን ያገኛል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ድብርት ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች ወደ 20 የሚጠጉት፣ በአብዛኛው በድብርት፣ ይታመማሉ።

ልምምዱን በተመለከተ፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳንቺ ቀድሞ ድብርት የነበረባቸውን 86 እርጉዞች ተከታትሏል። ይህንን ልምምድ ከንግግር ሕክምና ጋር ያጣመረ ሥልጠና ከወሰዱት 18 በመቶ ያህሉ፣ ካልወሰዱት ግን 50 በመቶው ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ያስተማሩትም የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምታደርጊውን እንደ እርዳታ እንጂ እንደ መድኃኒት አትቁጠሪው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትቀመጪ የሚያስፈራ ትዝታ ከመጣብሽ ተዪውና ተነሥተሽ ተንቀሳቀሺ።

ለክትትል ስትሄጂ ያለፈውን ሁሉ ንገሪያቸው። ባለፉት 7 ቀናት የተሰማሽን ስሜት የሚጠይቅ፣ የኤድንበርግ መለኪያ የሚባል ባለ10 ጥያቄ መጠይቅ አለ። መድኃኒት ካስፈለገም ሰርትራሊንን የመሰለ፣ እያጠቡ የሚወሰድ አለ። ጠበሉንም ሂጂ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ። ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማሽ፣ ወይም ቀናት ያለ እንቅልፍ ካለፉ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

መልስ (አባወራ፣ ዳንግላ)
ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት። የኔዋ እንዲህ የሆነች ጊዜ ኩርፊያ መስሎኝ እኔም አኮረፍኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቡና ስቆላ ሞከርኩት፣ ሐሳቤ ሦስቴ ጠፋብኝ፤ ቡናው ግን አላረረም። ለባለቤቴም አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «ሌሊት እኔ እይዘዋለሁ፣ ጡት ግን ከየት አመጣለሁ?» አለ። የቢቸናዋ፣ እናትሽ እንዴት ያደርጉ ነበር?

የቢቸናዋ
ሲርበው ብቻ ያመጡልኛል፣ አጠባና እመልስላቸዋለሁ። ማስገሳቱ፣ ጨርቅ መቀየሩና እሹሩሩው የሳቸው ነበር። ያንን ባልሽም አያቅተውም።