ቤት ለመግዛት አንድ ደላላ ልያዝ ወይስ ብዙ?

የቡሬው
ሰላም ናችሁ? ቡሬ ላይ በቆሎና በርበሬ ነግጄ ትንሽ ብር ይዣለሁ። ባንክ ተቀምጦ ዋጋ ከሚያጣ ብዬ ደብረ ማርቆስ የሚከራይ ቤት ልገዛ ነው፣ እግዜር ካለ ቀጥሎ ባሕር ዳር። አሁን አራት ደላላ ይዣለሁ፣ ስልኬ አያርፍም። አንዱ ያሳየኝን ቤት ሌላው 300 ሺህ ጨምሮበት መልሶ ያሳየኛል። የአጎቴ ልጅ "አንዱን ያዝ፣ ሌላውን ተው" ይለኛል። አንዱን ብቻ ካመንኩ ግን እንዳይበላኝ እፈራለሁ። ምን ትላላችሁ?

ማርቆሴ
አንዱን ያዝ። እኔ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ቤት ስፈልግ ሦስት አሰማርቼ ነበር። የወደድኩት ቤት በር ላይ ሁለቱ "እኔ ነኝ ቀድሜ ያሳየሁት" ብለው ተያያዙ፣ ባለቤቷ እናት ጉዱን አይተው "ልጄ፣ መሸጡም ይቅርብኝ" ብለው በሩን ዘጉብኝ። ደግሞ በአራት ሰው ስታስጠይቅ ሻጩ አራት ገዢ የመጣ ይመስለዋል። ዋጋውን የምትሰቅለው አንተው ነህ።

የአባይ ማዶ ልጅ
በግማሽ እስማማለሁ። ለየከተማው አንድ ይሁን። የማርቆሱ ደላላ የባሕር ዳርን ሰፈር ከየት አውቆት? እዚህ ባሕር ዳር ላለ ጓደኛው ደውሎ ያስተላልፍሃል፣ ከዚያ የሁለቱም ኮሚሽን ካንተ ኪስ ነው። ክፍያውን ቤት ከማየትህ በፊት ቁረጥ። ከሻጭም ይቀበል እንደሆነ ጠይቀው፤ በመቶኛ ከሁለታችሁም የሚቀበል ሰው ዋጋው ሲወጣ ነው የሚጠቀመው። ሻጩን ፊት ለፊት አላገናኝም ካለህ ከላይ እየጫነ ነው፣ ተወው።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ደላላው አንድም ሆነ አስር ሰነዱን ራስህ እይ። ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርማለች ወይ? የሊዝ ቀሪ ክፍያ፣ የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አጣራ። "ሌላ ገዢ መጣ፣ ቶሎ ቀብድ ጣል" ሲልህ አትደንግጥ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ካልቀረበ ደግሞ ጣጣ አለው። እዚያ ጋ ደላላ አይደርስልህም።

የቡሬው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩን በአካል ያገናኘኝን አንዱን ያዝኩና ለሦስቱ ደውዬ ነገርኳቸው። አንደኛው ግን "የባጃጅ ያወጣሁትን ክፈለኝ" ብሎ ጮኸብኝ። ይከፈለዋል እንዴ?

ማርቆሴ
ካልተዋዋላችሁ ምን ዕዳ አለብህ? ግን የባጃጁን ስጠውና ቡና ጋብዘው። ቤቱን ስታከራይ ተከራይ ይዞልህ የሚመጣው እሱ ሊሆን ይችላል።