ዘሌዋውያን ላይ የሚቆም ንባብ

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ ተጀምሮ ዘሌዋውያን ላይ የቆመ ንባብ እንዴት ይቀጥላል? ጊዜው እስከ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው። ደግሞስ ጸጋ ካዳነ ሥራ ለምን?

መላሽ (ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ ናቸው፤ በቀን ከ3 በላይ። ሁለት ቀን ካመለጠህ በሦስተኛው ወደ 10 ምዕራፍ ይጠብቅሃል፤ ሰው የሚተወው ያኔ ነው። ውዝፉን ተወውና የዛሬውን ክፈት። ለታክሲ ሮሜ ይመቻል፦ 16 ምዕራፍ፣ በቀን አንድ፣ ግን ሁለቴ። በሁለተኛው ዙር «እንግዲህ» እና «ስለዚህ» የሚሉትን በእርሳስ አስምር፤ 5፥1፣ 8፥1 እና 12፥1 ላይ ክርክሩ ይታጠፋል። (እስክሪብቶ ስስ ወረቀቱን ያልፋል።)

መላሽ (ሜክሲኮ)፦ የጸጋው ጥያቄ የሚመጣው ኤፌሶን 2ን ቁጥር 9 ላይ ከመዝጋት ነው። 8 «በጸጋ» ይላል፣ 9 «ከሥራ አይደለም»፤ 10 ግን ለመልካም ሥራ መፈጠራችንን ይናገራል። ሥራ ፍሬ እንጂ ክፍያ አይደለም። «ጸጋ እንዲበዛ ኃጢአት እንሥራ?» ለሚለው ሮሜ 6 በቀጥታ ይመልሳል።

መላሽ (ካዛንቺስ)፦ በኃጢአት በወደቅክበት ቀን ንባቡን አትዝለል፤ መዝሙር 51ን ብቻ አንብብ። ዳዊት ለሚደግሙ 50ኛው ነው፣ ያው መዝሙር።